«ልጁ» የማን ልጅ ነው? ስለ ፊደል ስንከራከር ስለ ዘነጋነው ሰዋስው

የምኖረው ዘነበወርቅ ነው። የሰፈሩ ስም በሱቆች ማስታወቂያ፣ በየታክሲው ታፔላና በደብዳቤዎች ራስጌ ላይ አንድ ጊዜ «ዘነበወርቅ»፣ ሌላ ጊዜ «ዘነበ ወርቅ» ተብሎ ተጽፎ ይታያል። ሁለቱ ቃላት ሲጋጠሙ የተጸውዖ ስም ናቸው፤ ሲነጣጠሉ ግን ግሱ ከባለቤቱ የቀደመበት ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይሆናሉ፤ ወርቅ እንደ ዝናም ወረደ እንደ ማለት ነው። ስሙ ለሰፈሩ የቀረው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከልዕልት ዘነበወርቅ ሲሆን፣ በእርሳቸው ስም በተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ቦታ ላይ በ1958 ዓ.ም. አለርት ተቋቁሟል። ይህን የአንድ ክፍተት ልዩነት ስለ ጥምር ቃላት ባስተማርሁ ቁጥር ለምሳሌነት ሳነሣው ኖሬአለሁ፤ ተማሪዎችም ይወዱታል። ነገር ግን በክፍተቱ ምክንያት መንገድ የሳተ አንድም ተሳፋሪ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ሌላ ወረቀት ነው። በጉርብትና «አባባ» የምላቸው አንድ አዛውንት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከአንድ መሥሪያ ቤት የተመለሰባቸውን ማመልከቻ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ አንተ የአማርኛ መምህር አይደለህ? ይህ ወረቀት ምን ጎድሎት ነው የመለሱብኝ?» አሉኝ። ማመልከቻውን የጻፈላቸው ከመሥሪያ ቤቱ አጥር ሥር ኮምፒዩተር ይዞ የሚቀመጥ ወጣት ነው፤ ለገጽ ያስከፍላል። የነገሩ ዋና ክፍል በአንድ ዐረፍተ ነገር የተቀመጠ ሲሆን፣ ከጥቂት ቃላት በቀር እንዲህ ይል ነበር፦ «ሟች ወንድሜ ቤቱ ለልጁ እንዲሰጥ ለጎረቤቱ አደራ ብሎት ስለ ነበረና አሁን ግን ልጁ አላስረክብም ስላለኝ መፍትሔ እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ።»

ፊደሉን መረመርሁ። የሙያ ልማድ ሆኖ መጀመሪያ ያየሁት ፊደሉን ነው። «መፍትሔ» በሐመሩ ሐ ተጽፏል፤ በሌላው መስመር ያለው «ሥልጣን» በንጉሡ ሠ ነው፤ «ዓመት» በዐይኑ ዐ ራብዕ ነው። አንድም የሚነቀፍ ፊደል አላገኘሁበትም። ወጣቱ በደንብ ተምሯል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ማመልከቻውን ሁለት ጊዜ ካነበብሁት በኋላ እንኳ ቤቱ የማን እንደ ሆነ፣ ለማን እንደሚሰጥና አላስረክብም ያለው ማን እንደ ሆነ ለመናገር አልቻልሁም። ጉዳዩን ያየው የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ሁለቱንም «ልጁ» የሟቹ ልጅ አድርጎ ወስዶታል። በዚህ ንባብ ወራሹ በአባቱ ቤት ተቀምጦ አጎቱ ይከሰዋል። ስለዚህ «ጉዳዩ የውርስ ክርክር በመሆኑ ለፍርድ ቤት ይቅረብ» የሚል መልስ ጽፎበታል። ከወረቀቱ ተነሥቶ ለሚፈርድ ሰው ይህ መልስ ስሕተት አይደለም።

የአዛውንቱ ታሪክ ሌላ ነው። ወንድማቸው ልጅ አልነበራቸውም። የመጀመሪያው «ልጁ» አዛውንቱ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደጉት ወላጅ አልባ ልጅ ነው። ሁለተኛው «ልጁ» ደግሞ አደራ የተቀበለው ጎረቤት ልጅ ነው፤ አባቱ አርጅቶ ቤት ሲውል የቤቱን ቁልፍ የያዘው እርሱ ነው። ማለትም በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አንድ ቃል ሁለት ጊዜ ተጽፎ ሁለት የተለያዩ ሰዎችን ይጠራል፤ አንባቢው ደግሞ ሦስተኛ ሰው፣ ያውም ያልተወለደ ሰው፣ ፈጠረ።

ከዚህ ላይ የአማርኛን ጠባይ ማስታወስ ያስፈልጋል። በወንድ ነጠላ ስም ላይ የሚጨመረው የ«ኡ» ድምፅ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ስሙን እሙር ማድረግ ነው፤ «ልጁ» ስንል ያ የምናውቀው ልጅ ማለታችን ነው። ሁለተኛው ባለቤትነትን ማመልከት ነው፤ «ልጁ» የእርሱ ልጅ ማለትም ይሆናል። «ቤቱ»ም እንዲሁ ነው። ባዬ ይማም «የአማርኛ ሰዋስው»ን በ1987 ዓ.ም. ካሳተሙ ወዲህ በክፍላችን ያለፈ ተማሪ ሁሉ ስለ ምዕላዶች ተምሯል፤ ይህን መንታነትም በፈተና ላይ ቢጠየቅ ይመልሳል። በፈተና መመለስና ማመልከቻ ሲጽፉ ማስታወስ ግን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የአዛውንቱ ወረቀት ያሳያል።

ወጣቱ ጸሐፊ ለምን ተሳሳተ? በእኔ ግምት የሰማውን በታማኝነት ስለ ጻፈ ነው። አዛውንቱ አጠገቡ ተቀምጠው ታሪኩን ከመጀመሪያው ሲያጫውቱት ስላሳደጉት ልጅ ብዙ ተናግረዋል፤ ስለዚህ ወደ ፍሬ ነገሩ ሲደርሱ «ልጁ» ማለታቸው ትክክል ነበር። በንግግር ውስጥ ልጁ ቀድሞ ተዋውቋል፤ እጅም ይጠቁማል፤ ዐይንም ያመለክታል። ወረቀቱ የሚጀምረው ግን ከመካከል ነው። እሙርነት ደግሞ ቀድሞ መተዋወቅን ይጠይቃል፤ ያልተዋወቀ ስም እሙር ሆኖ ሲመጣ አንባቢው ባለቤት ይፈልግለታል፤ በአቅራቢያ ያገኘው ባለቤት ደግሞ ሟቹ ነው። የንግግር ሰዋስውና የጽሕፈት ሰዋስው የሚለያዩት በዚህ ነው እንጂ አንዱ ያማረ ሌላው ያልታረመ በመሆኑ አይደለም።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ስለ አማርኛ አጻጻፍ ውይይት በተነሣ ቁጥር፣ በክፍልም ሆነ በጉባኤ፣ ነገሩ ወዲያው ወደ ሞክሼ ፊደላት ያመራል፤ ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ። ይቀነሱ የሚለው ወገን አለ፤ ከነሥራቸው ይጠበቁ የሚለውም አለ። ክርክሩ የተከበረ ነው፤ ዕድሜውም ረጅም ነው። የማልቀበለው ሌላውን ሁሉ ማስረሳቱን ነው። እኔም ከዚህ ነፃ አይደለሁም። የተማሪ ጽሑፍ ሳርም «ሐሳብ»ን በሀሌታው ሀ የጻፈውን በቀይ እስክሪብቶ አሰምርበታለሁ፤ «ይህም» የሚለው ቃል ምንን እንደሚተካ ያልታወቀበትን የአምስት መስመር ዐረፍተ ነገር ግን ሐሳቡ ደህና ነው ብዬ ያለፍሁባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው። ፊደሉ በዐይን ይታያል፤ ለመምህር ድካም ይቀንሳል።

ሁለት ታላላቅ ሥራዎችን አጠገብ ላጠገብ ብናስቀምጥ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የታተመውን መዝገበ ቃላታቸውን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ብለው ሰይመውታል። ርእሱ ብቻውን አንድ ትምህርት ነው። «ዐዲስ» በዐይኑ ዐ ነው፤ ይህም ቃሉ ከግእዙ «ሐዲስ» ጋር ያለውን የጉሮሮ ድምፅ ዝምድና እንዳያጣ የተደረገ ጥንቃቄ ይመስላል። በአንጻሩ «ያማርኛ» የተጻፈው አፍ እንደሚለው ነው፤ «የአማርኛ» አላሉትም። እንግዲህ የሥርወ ቃል ጠበቃ የምንላቸው ሊቅ በአንድ ርእስ ውስጥ አንዱን ቃል በምንጩ፣ ሌላውን በንግግሩ ጽፈዋል። ሁለቱንም ግን በሕግ ነው ያደረጉት።

በሌላው ወገን የፊደል መሻሻል ደጋፊ የነበሩት ሀዲስ ዓለማየሁ አሉ። (የእርሳቸውም ስም በየመጻሕፍቱ በሀሌታውም በሐመሩም ተጽፎ ይገኛል።) በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በሚጠብቁ ፊደላት ራስ ላይ ነጥብ አድርገዋል። ስለዚህ ልቦለድ በክፍላችን ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ገጸ ባሕርያቱ፣ ስለ ሥርዓቱ ሒስ፣ ስለ ትረካው። ስለ ነጥቧ የተባለው ግን ከመጠን ያነሰ ነው። በእኔ አስተያየት ከሀዲስ የአጻጻፍ ሐሳብ ሁሉ ለዕለት ተዕለት ጽሕፈት ይበልጥ የምትጠቅመው ያች ነጥብ ነበረች፤ ከዘመን ዘመን ያልተሻገረችውም እርሷው ናት። ልቦለዱ ኋላ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ሲተረክ ለአድማጩ ነጥብ አላስፈለገውም፤ ድምፁ ያጠብቃል፤ ድምፁ ያላላል። ወጋየሁ በድምፁ የሠራውን ደራሲው በቀለም ለመሥራት ሞክረው ነበር።

ነጥቧ ለምን ታስፈልግ እንደ ነበረ ለማየት ጥቂት ግሶችን እንመልከት። «ይሰማል» ሲላላ አድራጊ ነው፤ ጆሮ ያለው ሰው ይሰማል። ሲጠብቅ ተደራጊ ነው፤ ድምፅ ይሰማል። «ይጠራል»፣ «ይመታል»፣ «ይሰጣል»፣ «ይበላል» ሁሉም እንዲሁ ናቸው። እነዚህ ግሶች በሌሎች ግሶች ላይ የሚታየው የፊደል ለውጥ የላቸውም፤ «ይከፍላል» እና «ይከፈላል» በፊደል ሲለያዩ «ይሰጣል» እና «ይሰጣል» አይለያዩም። እንግዲህ «ምስክሩ ነገ ይሰማል» ተብሎ ሲጻፍ ምስክሩ ሊያዳምጥ ነው ወይስ ሊደመጥ? በችሎት ልማድ ስለምናውቀው አንሳሳትም። ነገር ግን በአንድ ሆስፒታል በር ላይ «ነርሷ ስትጠራ ይግቡ» የሚል ማስታወቂያ ይታሰብ። ላልቶ ቢነበብ ነርሷ ትጠራኛለች፤ ጠብቆ ቢነበብ ነርሷን ሌላ ሰው ይጠራታል፤ እኔም ያን ጊዜ መግባት አለብኝ። ከገጠር ለመጀመሪያ ጊዜ ለመጣ ታካሚ ይህ ቀልድ አይደለም። «ነርሷ ስትጠራዎ ይግቡ» ቢባል ግን በአንዲት «ዎ» ነገሩ ሁሉ ይጠራል፤ ይህ «ይጠራል» ደግሞ ሦስተኛው ዓይነት መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።

የምከራከርበት ነጥብ ይኸው ነው። ጽሕፈታችን ጥብቀትን ስለማያሳይ በድምፅ ይሸከም የነበረው ሸክም ወደ ሰዋስው ተላልፏል። የተሳቢ ምልክቷ «ን»፣ የተሳቢ ተውላጠ ስም፣ የቃላት ቅደም ተከተል፣ የአራት ነጥብ ቦታ፣ እነዚህ ለአማርኛ ጸሐፊ ጌጥ አይደሉም፤ የጎደለውን ነጥብ ተክተው የሚሠሩ ናቸው። ጥብቀቱን በፊደሉ ለሚያሳይ ቋንቋ ቸልተኝነት ውበትን ያጎድል ይሆናል፤ ለእኛ ግን አድራጊውን ከተደራጊው ያቀላቅላል። «ምስክሩን ይጠራል» እና «ምስክሩ ይጠራል» በሚሉት መካከል ያለችው «ን» ባትኖር ጠሪና ተጠሪ አይለዩም። ነጥቧ በዛሬው የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ የራሷ ቦታ አላት፤ ሊጠቀምባት የሚወድ ሰው በኮምፒዩተር ሊጽፋት ይችላል። እስክትለመድ ድረስ ያለን መሣሪያ ሰዋስው ነው።

እዚህ ላይ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች የምንሸከመው የተለየ ፈተና እንዳለ ይሰማኛል። ያደግንበት ባህል መንታነትን ያከብራል። በቅኔው ቤት ኅብር ቃል የሊቅነት መለኪያ ነው፤ አንድ ፊደል ሲጠብቅ ሰሙን፣ ሲላላ ወርቁን ይሰጣል፤ አንድ ቃል ሲቆረጥ ሌላ ምስጢር ያወጣል። ከላይ ያነሣሁት የሰፈሬ ስም ራሱ ሲቆረጥ ወርቅ ያዘንባል። ይህን ስናስተምር ዐይናችን ይበራል፤ መብራቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን ተማሪው ከክፍላችን ወጥቶ ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ የጋዜጣ አዘጋጅ፣ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ወይም የችሎት ጸሐፊ ሲሆን የሚጠየቀው ተቃራኒውን ሙያ ነው፤ አንድ ቃል አንድ ትርጉም ብቻ እንዲሰጥ ማድረግ። በቅኔ ወርቁን መደበቅ ጥበብ ነው። የአዛውንቱ ማመልከቻ ሳያስበው ኅብር ሆነ፤ ሰሙን መሥሪያ ቤቱ አነበበ፤ ወርቁ አዛውንቱ ልብ ውስጥ ቀረ።

ስለ ሌሎቹ ስሕተቶች ብዙ ማለት አልፈልግም። «ቃላቶች»፣ «መምህራኖች»፣ «ሕፃናቶች» የሚሉት ድርብ ብዜቶች ጆሮዬን ያሳክኩኛል፤ አርማቸዋለሁም። ሆኖም «ሕፃናቶች» ተብሎ በመጻፉ ክትባቱን ያጣ ሕፃን የለም። አንዳንዶቹም ነገ ሕግ ይሆኑ ይሆናል፤ ቋንቋ እንዲህ ያለ ነገር አድርጎ ያውቃል። የአፍራሽ ምልክት ነገር ግን ሌላ ነው። «የሚመለከተው» እና «የማይመለከተው» በፈጣን ትየባ ብዙ አይራራቁም፤ በስልክ ሰሌዳ ላይ ቀዳሚውን ቃል ራሱ የሚያቀርብ ፕሮግራም ሲጨመርበት ደግሞ ይባስ ይቀራረባሉ። የውል አንቀጽ ላይ ይህች ቅንጣት ብትዘለል የተዋዋዩ ግዴታ ወደ ተቃራኒው ይዞራል።

ፊደልን አቃለልሁ እንዳይባል አንድ ቦታ ላይ ግን ክርክሩን እቀበላለሁ። ቦታውም የሰው ስም ነው። «ዓለምፀሐይ» የሚለውን የሴት ስም እንውሰድ። የመጀመሪያው ድምፅ በአራት ፊደል ሊጻፍ ይችላል፤ አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ። «ፀ» በሁለት፤ «ሐ» ደግሞ ግእዙና ራብዑ በአማርኛ አንድ ስለሚሰሙ በስድስት፤ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። ሲባዛ 48 ነው፤ ስሙ ተጋጥሞም ተነጥሎም ስለሚጻፍ 96 ይሆናል። ለሰው ጆሮ ሁሉም አንድ ሴት ናት። ለኮምፒዩተር፣ ካልተነገረው በቀር፣ 96 ሴቶች ናቸው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004፣ ኋላም የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጡ ወዲህ ስም ከመዝገብ ወደ መዝገብ የሚጓዝበት ዘመን ላይ ደርሰናል። ድሮ ጸሐፊው ባለጉዳዩን በፊቱ ስለሚያውቀው «ጸሃይ»ም «ፀሐይ»ም ያው ነበረች። ዛሬ በትምህርት ማስረጃዋና በልደት ምስክር ወረቀቷ መካከል አንድ ፊደል ቢለያይ አንድ ሰው መሆኗን ማስረዳት የእርሷ ሸክም ይሆናል። ልብ ማለት የሚያስፈልገው ግን እዚህም ችግሩ ከ96ቱ የትኛው «ትክክል» ነው የሚለው አለመሆኑን ነው። ምንጩን ለማወቅ ግእዝ ያስፈልጋል፤ ለባለስሟ የሚያስፈልጋት ግን ሁሉም ጸሐፊ አንዱን መያዙ ነው። ደስታም ሀዲስም በመንገድ ይለያዩ እንጂ በዚህ አንድ ነበሩ፤ የያዙትን አልለቀቁም።

የአንድ ግስ አረባብ ምን ያህል ክብደት ሊሸከም እንደሚችል ለማስረዳት ሁላችንም የውጫሌን ውል እንጠራለን። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አማካይነት መገልገል «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የኢጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው። ታሪኩ እስከ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እስከ ዐድዋ ድረስ የታወቀ ስለሆነ አልደግመውም። ብዙ ጊዜ ይህን የምናነሣው የትርጉም ተንኮል ምሳሌ አድርገን ነው። እኔ የምመለከተው ሌላውን ፊቱን ነው። የአማርኛው ዐረፍተ ነገር ጤናማ ነበር። «ይቻላቸዋል» ፈቃድን እንጂ ግዴታን አይሰጥም፤ በየትም በኩል ቢያዞሩት ሌላ ንባብ አይወጣለትም። ዐጼ ምኒልክ ውሉን ሲቃወሙ የሚቆሙበት መሬት የሆናቸው ይህ ግልጽነት ነው። የአማርኛው ቃል እንደ አዛውንቱ «ልጁ» ሁለት ፊት ኖሮት ቢሆን ክርክሩ ምን መልክ ይይዝ እንደ ነበር አንባቢ ያስብ።

ዛሬም ቢሆን የአማርኛ ዐረፍተ ነገር የመጨረሻ ዳኛ የሚሆንበት ቦታ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ106ኛው አንቀጽ የመጨረሻውን ሕጋዊ ዕውቅና የሚሰጠው ለአማርኛው ቅጂ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ተረቅቆ ወደ አማርኛ የተመለሰ መሆኑ ይታወቃል። የሕግ ተማሪዎች በአማርኛውና በእንግሊዝኛው መካከል ያለውን ልዩነት ሲቆጥሩ ይውላሉ። የእኛ ተማሪዎች ግን የሕግ አንቀጽን እንደ አማርኛ ጽሑፍ አንብበው አያውቁም ለማለት ይቻላል። ልቦለድ እንተነትናለን፤ ግጥም እንተነትናለን፤ የሰውን ቤት የሚሰጠውንና የሚነሣውን ዝርው ጽሑፍ ግን የሒስ ርእስ አድርገን አንቆጥረውም። ይህ ጸሐፊ ለማመልከቻና ለማስታወቂያ በዚህ መጽሔት ላይ ይህን ያህል ገጽ መስጠቱ የሚያስገርመው አንባቢ ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሐሳብ ስነግረው፣ «ሰዋስው ማረም የተማረ ሰው ትዕቢት ነው፤ ሕዝቡ እስከ ተግባባ ድረስ ምን አገባን?» ብሎኛል። ቁም ነገር አለበት። ታርጋ ላይ ያለ ስሕተት እየለቀሙ መሳቅ ሙያ አይደለም፤ የአነጋገር ዘዬን እንደ ስሕተት መቁጠርም አላዋቂነት ነው። ነገር ግን «ተግባባ» የሚለው ቃል ማንን ከማን ጋር እንደሆነ ይጠየቅ። ስልክ ደውሎ «ያ የጻፍሁት ነገር እንዲህ ማለቴ ነው» ሊል የሚችል ሰው በተበላሸ ዐረፍተ ነገርም ይግባባል። ኃላፊውን በስሙ የሚያውቀውም ይግባባል። እንደ ጎረቤቴ ያለው ሰው ግን በመስኮቱ አሳልፎ የሚሰጠው ወረቀቱን ብቻ ነው፤ ድምፁ፣ እጁና ዐይኑ ውጭ ይቀራሉ። ሰዋስው የሚፈርድበት ማንም ሳያርመው የሚቀረውን ነው እንጂ የተማረውን አይደለም። ስለዚህ ትዕቢቱ በየትኛው ወገን እንዳለ ከባልደረባዬ ጋር ገና አልተስማማንም።

ከአዛውንቱ ጋር ማመልከቻውን እንደገና ጻፍነው። ሥራው ያሰብሁትን ያህል ቀላል አልሆነም። «ልጁ»ን በወጣ ቁጥር በሌላ ስም መተካት ነበረብን፤ «ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደግሁት ልጅ»፣ «አደራ የተቀበለው ጎረቤት የመጀመሪያ ወንድ ልጅ»፣ «በሟች ወንድሜ ስም የሚታወቀው ቤት»። አንዱ ዐረፍተ ነገር አራት ሆነ። ጮክ ብዬ ሳነብላቸው አዛውንቱ ዐይናቸውን ጨፍነው ካዳመጡ በኋላ፣ «ይህ ሁሉ ለምን ይደገማል? እኔ አንድ ጊዜ ነው የተናገርሁት» አሉኝ። የመጀመሪያውን ወረቀት አንሥቼ «ልጁ» የሚለውን በጣቴ እያሳየሁ ማን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «የእኔው ልጅ ነዋ!» አሉ። ሁለተኛውንም አሳየኋቸው። ጥቂት ዝም አሉና፣ «እንዲህስ ከሆነ ሰውየው ምን ያድርግ» ብለው የመለሰባቸውን ሠራተኛ ነፃ አወጡት።

የቀረው የልጁን ስም ማስገባት ነበር። ሁለት ማስረጃ አውጥተው ሰጡኝ፤ የትምህርት ቤት ካርድና የወረዳ መታወቂያ። ስሙ በአንደኛው በሐመሩ ሐ፣ በሌላው በብዙኃኑ ኀ ተጽፏል። የግእዙን ምንጭ ልነግራቸው ከጀመርሁ በኋላ ተውሁት። መታወቂያው ላይ እንዳለው ጻፍሁት፤ ከሥሩም በትምህርት ቤት ካርዱ ላይ ያለው ስም የዚሁ ልጅ መሆኑን የሚገልጽ አንድ መስመር ጨመርሁ። ማመልከቻው ገብቷል፤ መልሱን እየጠበቁ ነው።